በግራ በኩል ትታያለች ስለተባለችው አንኮበር

ግንቦት 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ወልደአረጋይ
የሠፈራ ጉዞ አስተባባሪ
ጎረቤላ

የተከበሩ ጓድ ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የአንኮበር ብርድ እንዳላስቸገረዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እርስዎ በመረጡልን በዚህ በባሮ ቆላ፣ ወባ ከሚያንቀጠቅጠን ሰዓት በስተቀር ብርድ የሚባለውን ረስተናል፤ ምስጋናችንም ከፍ ያለ ነው። ደብዳቤውን በግልጽ መጻፌ፣ ገበያ መሐል በድምፅ ማጉያ ለተነገረ ቃል በታሸገ ፖስታ መልስ መስጠት ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው ጥር ጎረቤላ ገበያ ላይ ቆመው፣ «አውሮፕላኑ ውስጥ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ አንኮበርን በመስኮት እያያችሁ ትሰናበታላችሁ» ብለው ነበር። ስለዚህ ቃል የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ ጎረቤቴ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ቃልዎን አምነው፣ አገር ቤት የቀረችውን አንድያ ልጃቸውን ዘርፈሽዋልን «ነጭ ጋቢ ይዘሽ ጉብታው ላይ ቁሚ፤ በግራ ሆኜ አይሻለሁ» ብለው ተለዩ። የምንበርበትን ቀን የነገራት ስላልነበረ፣ ልጅቱ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር፣ የወፍጮውም ሳይቀር፣ ጋቢዋን ስታውለበልብ ዘጠኝ ቀን ቆማለች።

2ኛ/ በካሚዮን አዲስ አበባ ወርደን የተሳፈርንበት አውሮፕላን የጭነት ነበር። ወንበር የለው፣ ወለሉ ላይ ታጨቅን። መስኮት በግራም በቀኝም አልነበረንም፤ ለሁለቱም ጎን ያሳዩት እኩልነት የሚደነቅ ነው።

3ኛ/ መስኮት ቢኖርም ኖሮ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን አንኮበርን የሚያያት በጅራቱ ነው። ይህን የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያውቁታል። እርስዎ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ካርታ እንዲያዩ አልጠብቅም።

4ኛ/ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ተሻምተው የያዙትን የግራ ቦታ ለዓልዩ አምባዋ ነፍሰ ጡር ለዙቤዳ ለቀው፣ እሳቸው በቀኝ ተቀመጡ። በዚያ ጨለማ ከሰው ትከሻ በቀር ያዩት የለም። እስከ ዛሬ ልጃቸውን ሳያዩ የቀሩት ቦታቸውን በመልቀቃቸው ይመስላቸዋል። ዙቤዳ «ወላሂ እማማ፣ ከብረት በቀር ያየሁት የለም» ብትላቸው፣ «እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው፣ ልጄ» ይሏታል። እኔም መሬት ላይ ካርታ ሥዬ ባስረዳቸው «አንተ ደግሞ ከመንግሥት ልትበልጥ ነው?» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ከዘርፈሽዋል «እማዬ፣ አየሽኝ ወይ?» የሚል ደብዳቤ ደረሰ። እናትየው «አየሁሽ፣ ጋቢሽም ንጹሕ ነበር በላት» አሉኝ፤ ጻፍኩ። ያልታየውን ታየ ብዬ ስጽፍ እርስዎን አስታወስኩ። እኔ ቃሉን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት፤ የእርስዎ ድምፅ ግን ያን ዕለት ጥርት ያለ ነበር።

ስለዚህ «በግራ በኩል የሚታይ ነገር አልነበረም» የሚል አንድ መስመር ጽፈው፣ ማኅተም አድርገውበት እንዲልኩላቸው እለምናለሁ። እኛ ነግረናቸው እምቢ ብለዋል። ከዚህ ሁሉ ሠፋሪ እርስዎን የሚያምን የቀረው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ባያስቀይሟቸው ጥሩ ነው።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣ ከዝቅተኛው ቆላ፣
ገብረአብ
ቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር፣ በእርስዎ በጎ ፈቃድ ሠፋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ መመለሻው ጉዞ ምክር ለመስጠት እንዳይደክሙ አደራ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከወዲሁ ምርኩዝ አስቆርጠዋል፤ ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ እግረኛ አንኮበር ከፊት ለፊት ናት፣ ጎን አያስመርጥም።