በአቡጀዲ የታቀፈው ልጅ

ቦንጋ፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ሲስተር ፀጋ፣

እኔ ሰላሐዲን ነኝ፤ ከገበያው በላይ ጨርቅ የምሸጠው፣ የነጂብ አባት። ከቦንጋ ተዛውረው ከሄዱ ስድስት ዓመት አልፏልና መልኬ ቢጠፋብዎት አልቀየምም። አድራሻዎን የሰጠችኝ አብራዎት ትሠራ የነበረችው ሲስተር መሲ ናት። ልደውልልዎት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። በአፌ የማይወጣልኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

ነጂብ በሰባት ወሩ ሲወለድ እናቱ ከቀዶ ሕክምናው ገና አላገገመችም ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታሉ ወጥቼ ጠፋሁ። እርስዎ በዝናብ ሱቄ ድረስ መጡ። ጃንጥላዎን በሩ ላይ ሲያራግፉ እኔ ነጭ አቡጀዲ ይዤ ቆሜያለሁ። አዩትና፣ "ጎበዝ፣ መታቀፊያ እየቆረጥክለት ነው? ይዘኸው ና። ልጁ ያንተን ደረት ይፈልጋል" አሉኝ።

ሲስተር፣ መታቀፊያ አልነበረም። የለካሁት ለከፈኑ ነበር። አንድ ሜትር እንኳ አልሞላም።

አፌን ይዤ ተከተልኩዎት። ሸሚዜን አስወልቀው፣ ልጁን ደረቴ ላይ አስተኝተው በዚያው ጨርቅ ሊያስሩት ሲሉ አጠረ። የራስዎን ነጠላ ቀጠሉበት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንደ ሕልም ነው የማስታውሳቸው። ጉሙ በመስኮቱ ይገባል፣ ይወጣል። የሚመታው የማን ልብ እንደሆነ የማልለይበት ጊዜ ነበር። ሸለብ ሲያደርገኝ ጫካ ውስጥ ስሄድ አያለሁ፤ የተሸከምኩት ነገር ላባ ያህል ይቀላል፣ እኔ ግን ከክብደቱ ይልቅ ቅለቱ ያስፈራኛል። ስነቃ እጄ ጀርባው ላይ ነው። አንድ ማለዳ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ስም ያወጣሁለት ያን ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ ስም ብሰጠው ይሄድብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ከዳነ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። የሰፈሩ ሰው "የሰባት ወሩ ልጅ" እያለ እንዳይጠራው አወላለዱን ደበቅሁ። አንደኛ ክፍል ሲገባ ለአስተማሪው ለመምህርት ብርቄ ትንፍሽ አላልኩም። የትምህርት ቤቱ ደወል የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። እሱ በተመታ ቁጥር ነጂብ ጆሮውን ይዞ ዴስክ ሥር ይገባል። ከሰሌዳው ሁለት ፊደል ሳይገለብጥ ሰሌዳው ይጠረጋል። ደብተሩን ማታ ማታ ሳየው ግማሽ ፊደሎች ብቻ ናቸው። እያየሁ ዝም አልኩ።

ጥር ላይ ብርቄ አስጠራችኝ።

"አቶ ሰላሐዲን፣ ልጅዎ ስጠይቀው አይመልስም፣ ሳዘው አይሰማም። ዘንድሮ ቤት ይቆይና ለከርሞ ቢመጣ ይሻላል" አለች።

ነጂብ የኮቴን ጫፍ ይዞ ቆሟል። አሁንም ዝም ብል ለሁለተኛ ጊዜ ጥዬው መሸሼ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ቀኑ ሳይደርስ ነው የተወለደው፤ ድምፅ ያስደነግጠዋል፣ መልስም ይዘገይበታል" አልኳት።

"መስከረም ላይ ለምን አልነገሩኝም?"

"አፍሬ።"

"እኔ ደግሞ እልኸኛ ነው ብዬ…" አለችና ጠመኔውን አስቀመጠች።

በማግስቱ ወደ ፊት ወንበር አመጣችው። ደወሉ ሊመታ ሲል "ነጂብ፣ አሁን ሊጮህ ነው" ትለዋለች። ከጠየቀችው በኋላ በልቧ እስከ አስር ትቆጥራለች። ግንቦት ላይ የሱቄን ታፔላ አነበበልኝ። ቀስ ብሎ ነው ያነበበው፤ አነበበው ግን።

ዘንድሮ ብርቄ "ይህን ለሌሎች መምህራንም ይንገሩ" አለችኝ። በነፃ፣ በፈቃዳችን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ለነጂብ እናት ትቼ አብረን በየትምህርት ቤቱ እንዞራለን። የምንለውን አንድ ሐኪም አርመውልናል፤ ያለቀኑ የተወለደ ሁሉ እንደማይቸገር፣ የሚቸገረውም እንደየልጁ እንደሚለያይ አስቀድመን እንናገራለን። መጀመሪያ ቀን አፌ ተሳስሮ ነበር። ስለ አቡጀዲው ስነግራቸው ተፈታ። ከእርስዎ በፊት እነሱ በመስማታቸው ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት ከማንኪራ አለፍ ብላ ወዳለች መንደር ትምህርት ቤት ሄድን። ባጃጁ መንገዱ ሲያልቅ አወረደን፤ የቀረውን በእግራችን። የቡና ለቀማ ጊዜ ስለሆነ ወላጅ ይመጣል አላልንም። አንዲት ሴት ግን ቅርጫቷን እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ወለተሥላሴ ትባላለች። ስንጨርስ "የእኔም ልጅ በሰባት ወሯ ነው የመጣችው" አለች። "አምና ላስመዘግባት እዚህ አምጥቻት ነበር። ስትጠየቅ አትመልስም፣ ቤት ትቆይ አሉኝ።"

ትቆይ ያለው መምህር ሳምሶን እዚያው ተቀምጧል። ተነሣና፣ "ቤታችሁ ሩቅ ነው?" አላት።

አብረን ሄድን። ጉሙ ከዛፎቹ ሥር አልተነሣም ነበር፤ ከላይ ከቀፎዎቹ የንብ ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ ሩሃማ ደጃፍ ላይ ቀይ ቡና እየለቀመች አገኘናት። ሳምሶን አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"ሩሃማ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ትመጫለሽ?"

ዝም። እናቷ ልትመልስላት ስትል ብርቄ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። በልቤ እስከ አስር ቆጠርኩ፤ አለፈ። እንደገና ጀመርኩ። ልጅቷ አንድ ፍሬ አነሣች፣ አስቀመጠች፣ ሌላ አነሣች። ሳምሶን አልተነቃነቀም።

"ሰኞ መቼ ነው?" አለች።

"ከነገ ወዲያ" አላት።

ሲስተር ፀጋ፣ መምህራኑ የሚጠይቁኝ ሁሉ አይመለስልኝም፤ እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ጊዜ ሲያገኙ ይጻፉልኝ፣ የሚሉኝን አደርሳለሁ። በዚያ ዝናብ ስለመጡልኝ አላህ ይስጥልኝ። ይህን ያህል ዓመት ሳልናገረው ቆየሁ።

አሁን እሑድ እየመሸ ነው። ነገ ሰኞ ነው።

አክባሪዎ፣
የነጂብ አባት ሰላሐዲን