ከፖስታው ውጭ ያለች ምልክት

ዓርብ፣ ሚያዝያ 28። ከሥራ መልስ

ከኤቨረት፣ ከሥራ ቦታዬ፣ እስከ ቤቴ ዴ ሞይን መንገዱ ዝግ። ወገቤ ደርቆ ከመኪና እወርዳለሁ። የፖስታ ሣጥኑን እከፍታለሁ፤ የመብራት ቢል፣ የፒዛ ማስታወቂያ፣ ሦስት የምርጫ ፖስታ። አንዱ የኔ፣ አንዱ የፀሐይ፣ አንዱ የቤቲ። ለልጄ የመጀመሪያዋ ነው። ስሟን ታትሞ ሳየው ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ቅር አለኝ። ምክንያቱን እራት ላይ አገኘሁት።

ይህን ስማ ደብተሬ። በዚህ ዙር የምንመርጠው ፓርቲዎቹ ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ሰው ነው። ውስጥ ያለው ወረቀት ምስጢር ነው። ከፖስታው ውጭ ግን፣ ፊርማ የሚያርፍበት አጠገብ፣ ሁለት ትንንሽ ካሬዎች አሉ። ዲሞክራት ነኝ። ሪፐብሊካን ነኝ። አንዷ ላይ ምልክት አድርገህ ትፈርማለህ። ካላደረግክ ድምፅህ አይቆጠርም። ከውጭ ነው የምልህ፤ ፖስተኛው በሚያየው፣ ጎረቤት በሚያየው ቦታ። ዝርዝሩም ለፓርቲዎቹ ይሰጣል። ለምንድን ነው የሚሰጠው? ምን ሊሠሩበት?

ፀሐይ ትስቃለች። ሚስቴን ሁሉ ነገር ያስቃታል። አንተ ገንፎ ሲቀርብልህም ስንጥር ነው የምትፈልገው ትለኛለች። ይገኛላ። ጠርጥር የተባለው በከንቱ ነው? የእንጀራዬም ጉዳይ ነው። የአውሮፕላን ዕቃ መርማሪ ነኝ፤ ደህና የሚመስለውን ብሎን ሳልጠረጥር ካሳለፍኩ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለምንድን ነው?

ፖስታዎቹ ፍሪጁ ላይ ናቸው። የኔ ባዶውን ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 29

ሰለሞን መጣ። የፀሐይ ታናሽ ወንድም። ደረቱ ላይ የዲ. ባጅ። (ከዛሬ ጀምሮ ዲ. እና ሪ. ነው የምጽፈው፤ ሙሉ ስማቸው አሰልችቶኛል።) እህቱ ለዳግማይ ትንሣኤ የሠራችውን ዶሮ አስቀድሞ እየቀመሰ ይሰብከኛል። ምልክቷን አድርግና ተገላገል፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይለኛል። እኔ መች ዛፍ ልውጣ አልኩ? መሬት ላይ ልቁም ነው ያልኩት።

ንዴቴ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ዜግነት ባገኘሁ ማግሥት፣ ት/ቤት አዳራሽ ውስጥ በተደረገ የምርጫ ስብሰባ ከጎረቤቶቼ ጋር ለዲ. የቆምኩ ሰው ነኝ። ደስ ብሎኝ አልቅሻለሁም። በዚያው ሰሞን የዲ. ተወዳዳሪ ቤ/ክ ድረስ መጥቶ በራችን ላይ የእግረኛ ማቋረጫ መብራት አስተክላለሁ አለ። አሮጊቶቹ ያንን አውራ ጎዳና የሚያቋርጡት ነጠላቸውን ሰብስበው፣ እየሮጡ ነው። ተመረጠ፣ ጠፋ። በሚቀጥለው ጊዜ የሪ. ሰው መጣ፤ ያንኑ መብራት ቃል ገባ። እሱም ጠፋ። አሮጊቶቹ ዛሬም ይሮጣሉ። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም።

ይህን ስለው ሰለሞን ማላመጡን አቆመ። «ሶ ጋሼ፣ አሁን ሪፐብሊካን ሆነሃል ማለት ነው?» አለኝ። እንዲህ ነው። ከአንዱ ጋር ከተኳረፍክ የሌላው ነህ። ሰው ዝም ብሎ መኳረፍ አይችልም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 30

የእናቶች ቀን። ቤቲ ካፒቶል ሂል ከሚባለው ሠፈር፣ ከምትሠራበት ካፌ ስትመለስ ለእናቷ አበባ ገዝታ መጣች።

ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ አቶ ደረጀ ያዘኝ። ነዳጅ ማደያ ያለው፣ የሪ. ሰው። ባጅ የለውም፤ እጅ ጨብጦ አለመልቀቅ ነው የሱ ባጅ። የሚጾም፣ ልጁን በሥርዓት የሚያሳድግ ሰው በተፈጥሮው የእኛ ነው ይለኛል። በተፈጥሮዬ የማንም አይደለሁም። ስለ መብራቱ ጠየቅኩት። ስለ ታክስ አወራኝ።

ፍላየር፣ የቅስቀሳ ወረቀት፣ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ሰለሞን ትናንት ከተወልኝ ፍላየር ጎን ሳስቀምጠው ምን አያለሁ፤ ሁለቱም ላይ ፀሐይ። ያው ፎቶ፣ በነጠላዋ፣ ባለፈው ጥምቀት የተነሣችው። አንደኛው ላይ «ለስደተኞች እንቆማለን»፣ ሌላኛው ላይ «ለእምነትና ለቤተሰብ እንቆማለን»። የጠየቃት የለም። እሷ ትስቃለች፤ ቆንጆ ወጥቻለሁ ትላለች። እኔ አልሳቅኩም። ፊቷን ይሻሙታል፤ መንገድ የሚያሻግራት የለም። ፓርቲዎቹ ያው ናቸው፤ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 2

ሥራ ቦታ። ምሳ ላይ ሁለቱ የመገጣጠሚያ ክፍል ሰዎች ተጣሉ። አንዱ የሪ. ቆብ ያደርጋል፣ ሌላው ምሳ ዕቃው ላይ የዲ. ስቲከር ለጥፏል። ድሮ ዓሣ ለማጥመድ አብረው ይሄዱ ነበር። አሁን አንዱ ባሞቀበት ማይክሮዌቭ ሌላው አያሞቅም። አንተስ አሉኝ። እኔ ኢንስፔክተር ነኝ አልኩ። ሁለቱም እኩል በክፉ ዓይን አዩኝ። ለጊዜውም ቢሆን ተስማሙ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 4

የቤታችን ልማድ ነው፤ ፖስታ ሁሉ የሚወጣው በኔ እጅ ነው። በሩ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልኛል፤ ማለዳ ይዤ እወጣለሁ። ዛሬ የቤቲ የምርጫ ፖስታ እዚያ ነበር። ታሽጓል። ተፈርሟል። ምልክቷም አለች፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ ጥርት ብላ። የቷ ካሬ ላይ እንደሆነች አልጽፍልህም። ደብተርም ይነበባል።

ማን ነገራት? ሰለሞን? ደረጀ? ኮሌጅ ያሉት ጓደኞቿ? ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስለ አንድም ነገር እርግጠኛ ያልሆነች ልጅ ፈርማ «ነኝ» አለች። ነገ ነገሩ ቢገለበጥስ? እዚህ አገር አይገለበጥም ይላሉ። እኛም አገር አይገለበጥም ይባል ነበር።

የድምፅ መስጫው ሣጥን ጋ ደረስኩ። መኪናውን አቆምኩ። መስኮቱን አወረድኩ። አልከተትኩትም። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስገብቼ ዘጋሁበት። እስካስብበት ድረስ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 6

ሰለሞን ተመልሶ መጣ። የቤ/ክ አሮጊቶችና ሽማግሌዎችን ፖስታ እየሰበሰበ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት አንድ ላይ ሊያደርስላቸው። በጫማ ካርቶን፣ መኪናው ኋላ። ፀሐይም የሷን ሰጠችው። ምልክት ያደረገችው ለወንድሟ ብላ ነው፤ ፖለቲካ አላውቅም ትላለች።

እኔ ካርቶኑን እያየሁ ጠረጠርኩ። የማይፈልጋትን ምልክት ያየ እንደሆነ ፖስታውን ቢጥለውስ? ምልክቷ ከውጭ ናት፤ መክፈት እንኳ አያስፈልገውም። ይህን እያሰብኩ የኔ መኪና ውስጥ ያለው ትዝ አለኝ። ወሬ ቀየርኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 7

ስለ አስራት ጽፌልህ አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ ነው። በወጣትነታችን ሁለት ድርጅቶች ነበሩ፣ እርስ በርስ የሚገዳደሉ፤ ሁለቱም የሕዝብ ነን የሚሉ። አስራት የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ኳስ ይወዳል፣ ሻይ በሦስት ስኳር ይጠጣል፣ የማንም አልነበረም። አንደኞቹ የነዚያ ነህ አሉት። እነዚያም የነዚህ ነህ አሉት። የትኞቹ እንደወሰዱት እስከ ዛሬ አናውቅም። እናቴ ሁለቱንም ስትራገም ሞተች።

ምልክት የምፈራው ለዚህ ነው። ስጽፈው ግን አንድ ነገር ይኮሰኩሰኛል። አስራት ምንም ምልክት አላደረገም ነበር። ስለዚህ ልጄን የማድናት ከምንድን ነው? ተወው፣ ዛሬ አላስብበትም።

ሰኞ፣ ግንቦት 8

ስልክ። አንዲት ሴት ከዲ.፤ ስሜን አጣማ ጠርታ የቆየህ ደጋፊያችን ነህ አለችኝ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ወንድ ከሪ.፤ እሱ ደግሞ ልብህ እንደሸፈተ ሰምተናል አለኝ። ከማን ሰማ? ስለ መብራቱ ሁለቱንም ጠየቅኩ። የሚያነቡት ወረቀት ላይ መብራት የለም መሰለኝ፤ ሁለቱም መልካም ቀን ተመኝተውልኝ ዘጉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 10

መጣ የፈራሁት። ድምፅ መድረሱ ኢንተርኔት ላይ ይታያል ለካ። የቤቲ አልደረሰም። «ዳድ፣ ድሮፕ አድርገኸዋል አይደል?» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ አላየሁም አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ከወጣ በኋላ መመለስ ይቻል ነበር፤ አልመለስኩትም።

ሐሙስ ሳታየው ከወጣህ እስከ ቅዳሜ እዚያው ነበር ማለት ነው አለች ፀሐይ፤ ሰለሞን የኔን ሲወስድ አብሮ ጠርጎት ይሆናል። ደወለችለት። የአንቺ እኔ ጋ አለ፣ የቤቲን ግን በዓይኔም አላየሁ ብሎ በሚካኤል ማለ። እንግዲያው መሬት ዋጠው? አለችው። በወንድሟ ላይ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ሳህን አጥቤ ሳልጨርስ እንደገና አጠብኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 12

ሰለሞን በሩ ላይ ቆመ። ግባ ስንለው አልገባም። ካርቶኑን ይዞ መጥቷል፤ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ለእህቱ አሳያት። የቤቲ የለም። ፀሐይ አየች፣ ግን አመንኩህ አላለችውም። ምናልባት ሌላ ካርቶን ይኖር ይሆናል ብላ ይሆናል። ይህን ከኔ ነው የተማረችው። ቤቲ ከደረጃው ላይ ሆና ታያለች፤ «ኢትስ ኦኬ አንክል» አለችው፤ ኦኬ እንዳልሆነ ግን ከድምጿ ያስታውቃል።

እሑድ፣ ግንቦት 14

ፀሐይ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ቤ/ክ ሁሉም ያውቃል። ከቅዳሴ በኋላ አሮጊቶቹ የሰለሞንን መኪና ከበቡት፤ ፖስታችንን መልስልን። ስም እየጠራ ይመልሳል። «ይኸው እማማ፣ አልተነካም። ይኸው አባባ፣ እንዳሸጉት ነው።» አንዷ ተቀብላ ማሸጊያውን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። ባጁን አውልቋል። ዓይኑ ቀልቷል።

ደረጀ ከጆሮዬ ሥር፣ «አላልኩህም? እነሱ እንዲህ ናቸው» አለኝ። የሱም ሰዎች ያው ናቸው፤ ፖስታውን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ፈሪ ነኝ ደብተሬ።

በሠፈራችን የሰውን ምልክት አይቶ የሰውን ጉዳይ በእጁ የሚይዝ አንድ ሰው ነበር፣ ያን ጊዜ፣ አስራት በተወሰደበት ዘመን። ለእናንተው ብዬ ነው ይል ነበር። ሲመጣ መንገድ እንለቅለት ነበር። ዛሬ መኪናዬ ውስጥ ስገባ እሱን መሰልኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 16። ገና አልመሸም

የድምፅ መስጫው ሣጥን ዛሬ ማታ ይዘጋል። ከኤቨረት ሬዲዮ ሳልከፍት መጣሁ። ፀሐይም ቤቲም ኩሽና ነበሩ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እኔ ጋ ነበር፣ ሰለሞን አልነካውም አልኩ።

ፀሐይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አልሳቀችም። ቤቲ ፖስታውን አነሣችና ማሸጊያውን ዳሰሰችው።

«ምልክቷን አይተህ ነው?» አለችኝ። ስትቆጣ እንግሊዝኛ ነበር የምትናገረው፤ ዛሬ በአማርኛ ነው። አዎ አልኩ። ፈርቼልሽ ነው አልኩ። ስለ አስራት ነገርኳት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለሱ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

«አባዬ፣ ሁሉን ሰው ጠርጥረሃል» አለች። «እኔን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ለምን ብለህ አልጠየቅከኝም።»

የመኪናዬን ቁልፍ አነሣሁ። ላድርስሽ አልኩ። አይሆንም አለች። የእናቷን መኪና ቁልፍ ይዛ ብቻዋን ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ደረሰልሽ ወይ አልኳት። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ክፍሏ ወጣች፣ ቆለፈች። እዚያ በር ላይ የሚሠራ ቁልፍ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ቀጭ ሲል ሰማሁት።

የኔ ፖስታ ያው ፍሪጁ ላይ ነው። አልላክሁትም። ዲ.ንም ሪ.ንም አላምንም፤ ይህ አልተለወጠም። ግን ከሁለቱ አንዳቸውም የልጄን ድምፅ ከእጇ አልወሰዱም።

ውሳኔ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አሮጊቶቹም ደረጀም ባሉበት፣ የያዝኩት እኔ ነኝ እላለሁ። የቤቲን በር አላንኳኳም፤ እስክትከፍተው እጠብቃለሁ፤ ስትከፍተው እጠይቃታለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ሰለሞን። ፀሐይ ደውላለታለች። አጠገቤ ቆማ ስልኩን ዘርግታልኛለች፤ አታናግረኝም። «ሃሎ፣ እህቴ?» ሲል ይሰማኛል። እህትህ አይደለችም እለዋለሁ፣ እኔ ነኝ፣ ያ ፖስታ…