ማየት የተማረው መስታወት

በሰፈሩ እትዬ መስታወት እየተባሉ የሚጠሩት አክስታችን ከመስታወት ቆራጭ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የሰውን ሁሉ ልጅ ሲያዋልዱ የኖሩት እናታቸው የራሳቸው ምጥ የመጣባቸው ባላቸው የመስታወት ሱቅ ውስጥ ነበር። ስለዚህ አክስታችን ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ መስታወቶችንና በውስጣቸው የሚንሳፈፈውን ሰማይ ነው ይባላል። አባታቸው ግን «ኧረ ተኝታ ነበር» ይሉ ነበር።

ፊዚክስ ተምረው በ1973 ዓ.ም. የስክሪን ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ገቡ። በ1976 ዓ.ም. ልብስ ሰፊ አግብተው አንዲት ልጅ ወለዱ። ከጊዜ በኋላ ሥራቸው ከዚንክና ከመሳሰሉት ብረቶች ኦክሳይድ የተሠራ፣ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ለመስታወት ማልበስ ሆነ። ሽፋኑ ትራንዚስተር ሆኖ የስክሪኑን ነጥቦች ያበራል፣ ያጠፋል። ብርሃን እንዳይሰማው ማድረግም የሙያው ወግ ነበር። ባለቤታቸው «እኔ የሰፋሁት ይታያል፤ የእሷን የለበሰ ራቁቱን ነው» እያሉ ደንበኛ ያስቁ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. እኒህን ጨዋታ አዋቂ ባላቸውን ስትሮክ መታቸው። አንደበታቸው ተያዘ፣ እጃቸው ዛለ፤ የሚታዘዛቸው አንገታቸው ብቻ ሆነ። ቤቱ ጭር አለ። በዚያው ሰሞን አክስታችን ልባቸው ቤት ቀርቶ የኦክስጅኑን ቧንቧ በቅጡ ሳይከፍቱ ሽፋን አለበሱ። ኦክስጅን ያነሰው ሽፋን አረንጓዴ ብርሃን ይሰማው ጀመር። አለቃቸው «ይጣል» አሉ። «እንግዲያው ወደ እኔ ቤት ይጣል» አሉ አክስታችን።

አክስታችን ከዚያ መስታወት ፊደላት የተደረደሩበት ስክሪን ሠሩ፤ በባለቤታቸው ባርኔጣ ላይም አረንጓዴ መብራት ሰፉ። ባለቤታቸው አንገታቸውን ወደ አንድ ፊደል ሲያዞሩ ስክሪኑ ብርሃኑን አይቶ ፊደሉን ይጽፋል። ችግሩ፣ ሽፋኑ ያየውን ቶሎ አይረሳም። ብርሃኑ ካለፈም በኋላ «አለ» ይላል። የባለቤታቸው ቃላት እርስ በርስ ተደራርበው እንደ ጉም ይዋኙ ነበር። አክስታችን መስታወቱን መርሳት ሲያስተምሩ ዓመታት አለፉ።

በ2011 ዓ.ም. አክስታችንን የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። «እሱ ሳያወራኝ የትም አልሄድም» እያሉ ትራስ ተደግፈው ሠሩ። በመጨረሻ ከየፊደሉ በኋላ የምትላክ አንዲት የኤሌክትሪክ ምት ሽፋኑን አስረሳችው። ባለቤታቸው አንገታቸውን አዞሩ። የመጀመሪያው ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር «ባርኔጣው ይጠበኛል» የሚል ነበር። አክስታችን እስኪያስላቸው ሳቁ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ጥር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፉ። የዚህን የሕይወት ታሪክ መዝጊያ ጸሎት ባለቤታቸው ትናንት ፊደል በፊደል ጽፈውታል፦

«ፈጣሪ ነፍስሽን በሰላም ያሳርፍልኝ። ወሬያችን ግን ገና መጀመሩ ነበር።»