የአይሪስ ሥር

ፓሪስ፣ ሜይ 28

ለጥንት ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ ያ ሳል ዘንድሮ ማረሽ ወይ? እኔ ከደረጃው በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም፤ ደረጃውም ቢሆን የሚያስቸግረኝ ስወጣው ነው፤ ስወርደው ገና ወጣት ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ድምፅዋን አውሳሽ ለምታነብልሽ ለእህትሽ ልጅ ለማዬሊስም ሰላምታዬ ይድረሳት። ማዬሊስ ሆይ፣ አደራ፤ ቃል አትዝለዪ፤ ሽማግሌ ነው ብለሽም አታለሳልሺልኝ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሺ ግን ክፍሉን ለቀሽ እንድትወጪ እለምንሻለሁ። ቦታው ሲደርስ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በአፕሪል አጋማሽ ነው። በፖስታው ላይ ያለው የአንቺ የእጅ ጽሑፍ ስላልነበረ ክፉ ወሬ መስሎኝ ቆሜ ለመክፈት አልደፈርሁም። ተቀምጬ ከፈትሁት፤ ወዲያው ሳቅሁ። ዓይንሽ የሰው ፊት መለየት እንደ ተወ የነገርሽኝ ስለ ጎረቤት ድመት እንደምታወሪ አድርገሽ ነው። "የሰውን ዳር ዳሩን አያለሁ፣ መሐሉ ጭጋግ ነው፤ በኛ ዕድሜ ደግሞ የሰው መሐሉ ባይታይ ብዙም አይቀርብን" ብለሽኛል። ቀጥለሽም ጁን 12፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በባቡር ፓሪስ እንደምትገቢ ጻፍሽልኝና ትእዛዝሽን አስከተልሽ፦ "አበባ ይዘህ እንዳትቆም። ስሜን በካርቶን ላይ ጽፈህ እንደ ሆቴል ሹፌር እንዳትገተርብኝ። እኔ ራሴ በጠረንህ አውቅሃለሁ። ያን ኮሎኝህን ብቻ አትቀይር።"

ሳቄ እዚህ ላይ ቆመ።

የዛሬ አርባ ሰባት ዓመት፣ እኔ ለማስተማር ወደ ፓሪስ ስሄድ፣ በከተማሽ በግራስ ጣቢያ ያን የኮሎኝ ጠርሙስ ኪሴ ውስጥ ከትተሽ "የማላውቀውን ከተማ ሽታ ይዘህ እንዳትመጣብኝ" ያልሽኝን አንቺም አትረሺውም። የማላውቀው ከተማ ዋጠኝና ሳልመጣ ቀረሁ። አንቺ ሐኪሙን አገባሽ፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበረ። እኔ መጻሕፍት አገባሁ። በየአዲሱ ዓመት አንድ አንድ ደብዳቤ ተለዋወጥን። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ያን ኮሎኝ ሳልቀባ ከቤቴ የወጣሁበት ጧት አልነበረም። ያልነገርሁሽ፣ ሠሪዎቹ ከስድስት ዓመት በፊት መሥራቱን ማቆማቸውን ነው። ያከማቸኋቸውን እየቆጠብሁ ቆየሁ፤ የመጨረሻዋ ጠርሙስ ባለፈው የገና ሰሞን ተንጠፈጠፈች። ከዚያ ወዲህ ሳሙና ሳሙና እላለሁ። እንግዲህ አንቺ ከፊቱ ይልቅ በጠረኑ ልታውቂው የምትመጪው ሰው በዓለም ላይ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ በሰባ ስድስት ዓመቴ ሽቶ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ትልቁ መደብር ነበር። እዚያ አምስት ዓይነት ሽቶ በአንድ ጊዜ ረጩብኝ። ወደ ቤቴ የተመለስሁት አምስት ሠርግ ባንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ መንገድ ላይ እንደ ተጣላ ሆኜ ነው። ፌርናን ከሱቁ በር ላይ ቆሞ አየኝ፤ ያ በየዓመቱ ስለ እርሱ የምጽፍልሽ ፀጉር አስተካካዬ። ፀጉሬ ቢያልቅም እርሱ አላለቀም። ገና ሦስት ክንድ ሲቀረኝ አፍንጫውን በፎጣ ያዘና "ፕሮፌሰር፣ ምን ነካህ? ሽቶ እንደ ድንች በኪሎ ይገዛል እንዴ?" አለኝ። ጭንቀቴን ስነግረው ግን መቀለዱን ተወ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ አንዲት ሴት እንዳለች፣ ሽቶዋን በገዛ እጅዋ እንደምትቀምም፣ ስም እንኳ ሳታወጣለት በቁጥር ብቻ እንደምትጠራው ነግሮኝ "ሂድና ትዳኝህ፤ እኔ ካንገትህ በላይ ነው የማውቅህ" ብሎ ገፋኝ።

ሴትዮዋ ሲዶኒ ትባላለች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ፣ እንደ ንስሐ ክፍል በጠበበች ቤት ውስጥ ትናንሽ ጠርሙሶች ከብበዋት ትቀመጣለች። ምን ዓይነት ሽቶ እንደምወድ ይጠይቁኛል ብዬ ያማረ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እርስዋ ግን "ጌታዬ፣ ቆዳዎ ደረቅ ነው ወይስ ወዛም? ሲተኙ መስኮት ይከፍታሉ? ሲናደዱስ ያልብዎታል?" አለችኝ። "እመቤቴ፣ ሐኪም ቤት ነው እንዴ የመጣሁት?" ብላት "አሁን እንኳ ትንሽ አልቦዎታል፤ ጥሩ ነው" ብላ እጅጌዬን ሰበሰበችው።

ሕግዋ ጥብቅ ነው። በቀን ከሦስት በላይ አይሸተትም። መጀመሪያ በቀጭን ቁራጭ ወረቀት፣ ኋላ በቆዳ ይሞከራል፤ በቆዳ ከሞከሩ በኋላም እስኪመሽ ድረስ ፍርድ አይሰጥም። ቸኩዬ አንዱን ወረቀት፣ ቁጥር አራትን፣ አነሣሁና "ይህ ነው!" አልሁ። ቆዳና ትምባሆ፣ የድሮ ቤተ መጻሕፍት ይመስላል። ሲዶኒም "ወረቀት ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ጌታዬ" አለችኝ። ዕድሜዬን ሁሉ በወረቀት የኖርሁ ሰው ነኝና ተቀየምሁ። ቁጥር አራትንም እልህ ይዞኝ ገዛሁት።

በማግሥቱ ተቀብቼው ወደ ፌርናን ገባሁ። አንድ ደንበኛ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ተቀምጦ ነበር። ፌርናን ምላጩን እንደ ያዘ ወደ ውጭ አሻግሮ አየና "ፈረሱን የት አሰርኸው?" አለኝ። ቤቴ ሄጄ ክንዴን ብሸተው እውነቱን ነው፤ በወረቀቱ ላይ ቤተ መጻሕፍት የነበረው በኔ ቆዳ ላይ ኮርቻ ሆኖአል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሲዶኒ ቤት ወደ ፌርናን ሱቅ፣ ከፌርናን ሱቅ ወደ ሲዶኒ ቤት ተመላለስሁ። የሎሚውን ቀን "ወለሉን ማን ወለወለልህ?" አለኝ። የጽጌረዳውን ቀን ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ "ባልዋ ያውቃል?" አለ። እመኚኝ፣ ወዳጄ፣ ከተለያየን ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። በዚህ ዕድሜ ጧት ጧት "ዛሬ ደግሞ ማን እሆን ይሆን?" እያሉ መነሣት ትልቅ ጸጋ ነው።

ቀኑ ግን እየቀረበ ሄደ። በመጨረሻ ያን ባዶውን ጠርሙስ ወስጄ በሲዶኒ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁና ታሪኩን ሁሉ ነገርኋት፤ አንቺን፣ ጣቢያውን፣ ዓይንሽን። ክዳኑን ከፍታ ብዙ ጊዜ አሸተተች። "በዐሥር ቀን ይህን የሚመስል እሠራልዎታለሁ" አለችኝ። ልስማት ምንም አልቀረኝም።

በዐሥረኛው ቀን ሄድሁ። ሠርታዋለች! የእጄ አንጓ ላይ ጠብ ስታደርገው ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ተመልሶ መጣ፤ ካፖርቴ፣ ሻንጣዬ፣ የባቡሩ ፉጨት ሳይቀር። እርስዋ ግን ጎንበስ ብላ አንጓዬን አሸተተችና ራስዋን ነቀነቀች። "ጌታዬ፣ ይህ ሰው መልካም ሰው ነው። እርስዎ ግን አይደለም። ከቆዳዎ ጋር አልተስማማም፤ ተከራይቶ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ራስዎን አያምዎትም ነበር?"

ወዳጄ፣ ለአርባ ሰባት ዓመት ለማንም ያልነገርሁትን ያች ሴት በአፍንጫዋ አነበበችው። አዎን፣ ያመኝ ነበር። በየማለዳው ከቅንድቤ በላይ፣ እስከ ቁርስ ድረስ። አንቺ የሰጠሽኝ ስለ ሆነ ግን ሕመሙንም የስጦታው ክፍል አድርጌ ወሰድሁት። ይህን ስነግርሽ እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ፤ ይልቅስ "አንተ ሞኝ!" ስትዪ ከዚህ ይሰማኛል። ማዬሊስ፣ ካለች ጻፊልኝ።

ተነሥቼ ልወጣ ስል ሲዶኒ እጄን ያዘችኝና በሌላው አንጓዬ ላይ ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ጠብ አደረገች። ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነበር። አስቀድሜ በወረቀት ሞክሬ የጣልሁት ነው፤ በወረቀት ላይ የጥሬ ድንችና የዱቄት ሽታ ከመሆን አላለፈም። "ይህን እንኳ ተዪው" አልኋት። "እስኪመሽ አይፍረዱ" አለችኝ።

በወንዙ ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የቱን ሰው ልታገኚ እንደምትመጪ ሳሰላስል፣ ሳላስበው ዝናብ ጣለ። እጅጌዬ ራሰ። ያን ጊዜ ከአንጓዬ አንድ ነገር ተነሣ፦ ደረቅ ጆንያ፣ ቀዝቃዛ ዱቄት፣ ከሥሩ ደግሞ ከሌላ ክፍል እንደሚሰማ ሳቅ ያለ ጣፋጭ ነገር። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረች ሴት ውሻዋን ስባ ሄደች። እኔም ጥላ ሳልይዝ፣ ያችን ደረጃ የምትፈራ ጉልበቴን ረስቼ፣ ወደ ሲዶኒ ተመለስሁና ምንድር ነው ብዬ ጠየቅኋት።

"የአይሪስ አበባ ሥር ነው" አለችኝ። ያስረዳችኝን አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ የሽቶ ፋብሪካ ልጅ ነሽ። ሥሩ ከመሬት ሲወጣ ሽታው ከድንች አይሻልም፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በመጋዘን ተቀምጦ መድረቅ አለበት፤ መዓዛው የሚመጣው በመጠበቅ ብቻ ነው። ከዚያም "እርስዎ ላይ ሲያርፍ ግን ቤቱ የገባ ይመስላል" አለችና "ይህን ሽታ ከዚህ በፊት የት ያውቁታል?" ብላ ጠየቀችኝ። አልመለስሁላትም።

ለአንቺም አልመልስም፤ እየተነበበልን ነውና። ስለ አየር ጠባይ ግን ማንም ፊት ቢወራ ነውር የለውም። በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ከፍሎሬንስ በጆንያ የሚመጣው የአይሪስ ሥር በሚከማችበት በአባትሽ መጋዘን ጣራ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ወርዶ ነበር። እስኪያባራ እንጠለል ተባባልን። ከዚያ አባራ። ማባራቱን ሁለታችንም ሰማን፤ ሁለታችንም አልተናገርንም። የዕለቱ የአየር ጠባይ ይህን ይመስል ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጣቢያው ላይ ቆሜ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነበረብኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ስሠራ የኖርሁት ምናልባት ያን አንዱን እየፈለግሁ ይሆናል።

እንግዲህ ሁለት ጠርሙሶች በጠረጴዛዬ ላይ ቆመው ነበር። የፊተኛውን ብቀባ ያለ ጥርጥር ታውቂኛለሽ፤ ነገር ግን የምታቅፊው በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ተሳፍሮ የሄደውን ያን ልጅ ነው። ሁለተኛውን ብቀባ አልፈሽኝ ልትሄጂ ትችያለሽ። ሦስት ቀን ካሰብሁ በኋላ የፊተኛውን ለፌርናን ሰጠሁት። እርሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚላጨው፤ ለደንበኞቹም በግጥም መናገር ጀምሮአል፤ መንደሩን አስመርሮአል። ጁን 12 በባቡር ጣቢያው አካባቢ ዝር እንዳይል በእናቱ ስም አስምዬዋለሁ፤ አንገቱ ላይ ብትጠመጠሚ በሕይወት ዘመኔ አይለቀኝም። "ብትጠመጠምብኝስ ምን ይደረጋል፣ ፕሮፌሰር?" ይላል።

ማዬሊስ፣ ቦታው ደረሰ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ትንሽ የታሸገች ፖስታ አለች። የቀሩትን ጥቂት መስመሮች አንብበሽ ስትጨርሺ ሳትከፍቺ ለአክስትሽ በእጅዋ ስጫት፤ በሩንም ከኋላሽ ዝጊላት። የአትክልቱ ቦታ ውኃ መጠጣት አለበት፤ ዘንድሮ ድርቅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ወዳጄ፣ በፖስታዋ ውስጥ ያለው ወረቀት ቁጥር አሥራ ዘጠኝ የተነከረበት ነው። አፍንጫሽ ላይ አስጠግተሽ አትቸኩዪ። ለሌላ ሰው ዱቄትና ድንች ነው፤ ለአንቺ ግማሹም ይበቃ ይሆናል። የዚያን ቀን ከባቡሩ መጀመሪያ ፉርጎ ፊት፣ አበባም ካርቶንም ሳልይዝ፣ ኮሌታዬን ከፍቼ እቆማለሁ። ሳታውቂኝ ብታልፊ አልጣራም ልል ነበር፤ ውሸት ነው። እጣራለሁ። ዝም ያልሁበት አንድ ጣቢያ ይበቃኛል። ሲዶኒ እንደምትለው ወረቀት የሚናገረው ግማሹን ነው፤ የቀረው ግማሽ በሐዲዱ ዳር ቆሞ ይጠብቅሻል።

መንገድሽን የቀና፣ ወንበርሽን በመስኮት በኩል፣ አብሮሽ የሚቀመጠውንም ሰው ዝምተኛ ያድርግልሽ። ማዬሊስንም ለድምፅዋ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዝናቡ እስከ ዛሬ ያላባራለት፣
የጥንት ወዳጅሽ