ስለ አሰልጣኙ አፍንጫ የተጠየቅሁት ይቅርታ

ለተከበሩ የጂማችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከአንገትዎ እስከ ቁርጭምጭሚትዎ ድረስ ላሉት መገጣጠሚያዎች በሙሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ዳሌዎ ደህና እንዲሆን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ዳሌ ደህና ሳለ መኖሩ እንኳ ትዝ የማይል፣ የተጎዳ ዕለት ግን ሌላውን አካል ሁሉ የሚያስረሳ ነገር መሆኑን ባለፉት ሳምንታት በእናንተ ቸርነት ተምሬአለሁና።

በመግቢያው መስታወት ላይ በትልልቅ ፊደል አሳትመው ያስለጠፉትን ማሳሰቢያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ሁላችንም «መዶሻው» የምንለውን ዋና አሰልጣኝዎን «በሥራ ላይ እያለ በእርግጫ አፍንጫውን የሰበረችው ደንበኛ» በአደባባይ ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ወደ ጂሙ ዝር እንዳትል ይላል። ያቺ ደንበኛ እኔ ነኝ። ይቅርታው በአደባባይ ይሁን ስላሉም፣ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ፣ ለአባላቱ በሙሉ፣ በበራችሁ ለሚያልፈውና ማንበብ ለሚችለው መንገደኛ ሁሉ አድርጌዋለሁ። ዕድሉን ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ግራ ዳሌዬ ከተፈጥሮው ጎድጓዳው ጥልቀት የለውም፤ የጭኔ አጥንት ራስ ገባ ብሎ መቀመጥ ሲገባው ጠርዙ ላይ እንደ ነገሩ አርፎ ነው ያደገው። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን የምረግጠው ደግሞ በግራ እግሬ ነው። በየመብራቱና በየፌርማታው ስንት ጊዜ እንደምረግጥ እኔ ቆጥሬ አላውቅም፤ ማታ ማታ ግን ዳሌዬ ቆጥሮ ያስረዳኛል። ፊዚዮቴራፒስቷ የሆዴና የወገቤ ጡንቻ ካልጠነከረ ዳሌዬ ሸክሙን ብቻውን እንደማይችለውና ከመሪው ወንበር በጊዜ እንደምወርድ ነገረችኝ፤ ወደ እናንተ ቤት የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። እውነቱን ከተናገርሁ አይቀር ለዳሌዬ ብቻም ብዬ አልመጣሁም። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሁለት ልጅ ከወለድሁ በኋላ፣ ሲክስ ፓክ አማረኝ። ምን ይደረግ!

የመጣሁ ዕለት የተፈቀደልኝንና የተከለከልሁትን ለእርስዎም ለመዶሻውም አንድ ላይ አስረድቻችኋለሁ። በጀርባ ተኝቶ ወገብን ከወለሉ ጋር ማጣበቅ፣ ተረከዝን ቀስ እያሉ ማንሸራተት፣ በክርንና በጉልበት ተደግፎ መቆየት ተፈቅዶልኛል። መዝለል፣ ሁለቱን እግር አንድ ላይ አንስቶ መወርወር፣ በሌላ ሰው መጎተትና መጠምዘዝ ክልክል ነው። እርስዎ በዚያን ሰዓት ብርቱካን እየላጡ ነበሩ፤ እሺታዎን በራስዎ ሲነቀንቁልኝ አንገትዎ እንዳይቀጭ ሰግቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለወራት ከውኃ መጠጫው አጠገብ ባለው ጥግ ተኝቼ፣ ከጎኔ ብረት የሚያነሱት ጎረምሶች «እዚያ የተኛችው ሴትዮ ደህና ናት?» እየተባባሉ ሲሳሳቁብኝ ቆየሁ። አንድ ቀን ጠዋት ግን የደንብ ልብሴን ልለብስ ስል በመስታወት ውስጥ ሆዴ ላይ ሁለት መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዶ አየሁ፤ ብዙም ሳይቆይ አግዳሚዎቹ ተከተሉ። ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ምላጩን አስቀምጦ መጣና ዙሪያዬን ዞሮ አየኝ፤ «እመቤቴ፣ ከእንግዲህ ልትቆጪኝ ስታስቢ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፣ ጎረቤት ልደበቅ» አለ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ዳሌዬም በዚያው ሰሞን ሌሊት መቀስቀሱን ትቶልኝ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ቅዳሜው የጥንድ ደንባችሁ አመሰግናለሁ። ለማያውቀው አንባቢ፣ በዚህ ጂም ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም ብቻውን አይሠራም፤ ሁሉም በጥንድ ይመደባል። ከጥንዱ አንደኛው «በቃኝ» ያለ እንደሆነ የሚቀጣው ያ ሰው ሳይሆን ጓደኛው ነው። መዶሻው ይህን «ፍቅር ማስተማሪያ» ይለዋል። እኔ የተመደብሁት ከአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ጋር ነበር፤ ብረት ከእጇ ሲወድቅባት ብረቱን «ይቅርታ» የምትል ሰው ናት።

ሁለተኛ፣ ከጥጌ ስላስነሣችሁኝ አመሰግናለሁ። አፍንጫው በተሰበረባት ቅዳሜ መዶሻው ክንዴን ይዞ እየጎተተ ወደ መሀል አወጣኝና በሰው ሁሉ ፊት «ዳሌ ዳሌ አትበዪብኝ፣ ዳሌ የሰነፍ ሰበብ ነው፣ ሲክስ ፓክ የሚወጣው ተለቅሶ ነው» አለኝ። የኔው በዚያን ሰዓት ያለ አንድ ጠብታ እንባ ወጥቶ ነበር፤ ምናልባት ያናደደው ይኸው ይሆናል። ከዚያ በጀርባዬ አስተኛኝ። መምህርቷ ከራስጌዬ ቆማ፣ እኔ ቁርጭምጭሚቷን ይዤ፣ ሁለቱን እግሬን ወደ ላይ ሳነሳ እሷ ወደ ታች ትወረውራቸዋለች፤ እኔ ደግሞ ወለሉን ሳይነኩ በሆዴ ጉልበት አቆማቸዋለሁ። ክልክል ከተባልሁት ሁሉ አንዱን ምረጥ ቢባል ከዚህ የተሻለ አይገኝም ነበር። መምህርቷ እግሮቼን ሕፃን እንደምታስተኛ አድርጋ ነበር የምትገፋቸው፤ ሆኖም ዳሌዬ ያዝ ሲያደርገኝ «በቃኝ» አልሁ።

ተቀጣች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በክርኖቿ እንድትሳብ ታዘዘች፤ መዶሻው በእንጨት ዱላ ከጆሮዋ አጠገብ ወለሉን እየመታ አብሯት ሄደ። ስትመለስ የክርኖቿ ቆዳ ተገሽልጦ ነበር፤ ጥቁሩ ጎማ ላይ የሄደችበት መንገድ በደም ታወቀ። ማንም አላስቆመውም፤ እኔን ጨምሮ። የራሴን ሕመም እችለው ይሆናል፣ የእሷን ግን አልቻልሁም፤ ከመሬት እንድትነሣ ብዬ «ደህና ነኝ፣ እቀጥላለሁ» አልሁ። ደንባችሁ እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ ያኔ ነው፤ የፈለሰፈው ሰው ጭንቅላቱ የተባረከ ነው።

ሦስተኛ፣ መዶሻው ራሱ ስለ ደከመልኝ አመሰግናለሁ። መምህርቷን በክንዱ ገፍቶ ከራስጌዬ ቆመና ሁለቱን ቁርጭምጭሚቴን በአንድ መዳፍ ጠቅልሎ፣ ክፍሉ በሙሉ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አዝዞ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወራቸው። ቀኙ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ግራው ወደ ጎን ሄደ። ድምፁን ሰማሁት። ትሬድሚል ላይ የነበሩትም ሰምተውት ወረዱ። መጀመሪያ ትንፋሽ አጣሁ፤ ትንፋሹ ሲመለስ ጩኸት ይዞ መጣ። ስለ አጥንት ከማንም ያልተማረው አሰልጣኝዎ በዚህ አልተደናገጠም፤ «ወልቆ ነው፣ እመልሰዋለሁ» ብሎ በጉልበቱ ጭኔ ላይ ወጣና ቅልጥሜን በሁለት እጁ ይዞ ጠመዘዘው። አልመለስ ሲለው በሌላው አቅጣጫ ጠመዘዘው። አባላቱ ይቁም የሚል ትእዛዝ ስላልደረሳቸው መቁጠራቸውን አላቋረጡም፤ ስለ ሥነ ሥርዓታቸው ሊመሰገኑ ይገባል።

አራተኛ፣ ስለ አፍንጫው። ቀኝ እግሬ የፍሬን እግር ነው። ኳስ ተከትሎ ሰው መንገድ ውስጥ ዘው ሲል እኔን ሳያማክር የሚረግጥ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድም ሰው ያላስገጨኝ እግር ነው። መዶሻው ለሦስተኛው ጥምዘዛ ጎንበስ ሲል ፊቱ ከውስጥ እግሬ ፊት ለፊት መጣ፤ እግሬም ረገጠ። አፍንጫው ተረከዜ ሥር ሲሰበር ተሰማኝ፤ ደሙ መስታወቱ ላይ፣ ነጩ ፎጣ ላይ፣ የራሴም ሆድ ላይ ተረጨ። በቂጡ ዘጭ ብሎ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ደስ አለኝ። በሕግም በሃይማኖትም ደስ ሊለኝ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ደስ አለኝ። ልድገመው ብዬ እግሬን ሰበሰብሁ፤ ግራ ዳሌዬ ተንጠልጥሎ ስለነበር አልደረስሁበትም፣ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እርስዎ በዚያን ጊዜ ፎጣ ይዘው ከቢሮዎ እየሮጡ መምጣትዎንም አልረሳውም። እኔን አልፈው ሄደው መስታወቱን ጠረጉ። በስፖንጁ ፍራሽ ላይ አድርጋ እስከ ታክሲው የጎተተችኝ ያቺው ክርኗ የደማው መምህርት ናት።

ቀዶ ሐኪሙ የጎድጓዳው ጠርዝ መሰንጠቁንና ዙሪያውን ያለው ልስልስ አጥንት መቀደዱን በምስል አሳይቶኛል። ሲከፍተው የማይጠገን ሆኖ ካገኘው ዳሌዬ በብረት ይተካል። ፍሪሲዮን ልረግጥ እችል እንደሆነ ስጠይቀው «እናያለን» አለኝ። መካኒክ «እናያለን» ሲለኝ መኪናዋ እንደማትመለስ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ለሱ ግን ፈገግ አልሁለት። አውቶቡሴን ለሌላ ሹፌር ሰጥተዋታል። በቤታችን ፊት ለፊት ስለምታልፍ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ፤ ሦስተኛ ማርሽ ሲያስገባ ያስጮኻታል። እንዲህ በሰማኋት ቁጥር አለቅሳለሁ። ባለቤቴም መቀለዱን ትቶ መስኮቱን ይዘጋል።

እንግዲህ የተጠየቅሁትን ይቅርታ እነሆ። መምህርቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በእኔ «በቃኝ» ምክንያት መሬት ለመሬት ተጎትታለችና። አፍንጫውንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አጉል ሰው ፊት ላይ ከመብቀሉ በስተቀር ያጠፋው ጥፋት የለም። የአፍንጫውን ባለቤት በተመለከተ ግን ቤቴን ከላይ እስከ ታች ፈትሼ ይቅርታ ስላጣሁለት፣ ወደፊት ከተገኘ አሳውቃለሁ።

አቤቱታዬን ለፖሊስ ሰጥቻለሁ፤ መምህርቷም እጅጌዋን ሰብስባ ክርኖቿን አሳይታ ቃሏን ሰጥታለች። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ፍርድ ፍለጋ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ መዶሻው አፍንጫውን በፕላስተር አሽጎ፣ ወገቡን ቀዶ ሕክምና ያደረገ አንድ ጡረተኛ መሀል አውጥቶ እንዳስተኛ ስለሰማሁ ነው። ሰውዬው እንደኔ ሰው ሊያስቀጣ ስላልፈለገ «ደህና ነኝ» ብሏል አሉ። እንግዲህ እናንተ አባላት፣ የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁና፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁጥሩን አቁሙ። ቆማችሁ ካልከለከላችሁት፣ ተራው ደርሶ እናንተ ስትተኙ የሚቆጥርላችሁ አታጡም።

ለዳሌዬ፣ ለእንጀራዬና ለእንቅልፌ ስላደረጋችሁልኝ ውለታ ሁሉ በቀኝ ጎኗ ብቻ መተኛት ከተፈቀደላት የቀድሞ ደንበኛዎ ጥልቅ ምስጋናና የማይበርድ አክብሮት ይድረስዎ።

በመሪ ላይ እያለች ማንንም ያልጎዳችው ሹፌር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል መምህርቷ ከበራችሁ ላይ ያነሣችውን ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። ከማሳሰቢያው አጠገብ «የመዶሻው ውጤት» የሚል አዲስ ማስታወቂያ ሰቅላችኋል፤ ከጽሑፉ ሥር ያለው ሆድ የኔ ነው። ጥጌ ላይ ተኝቼ ሳለሁ ማን እንዳነሣው አላውቅም፤ ከአንገቴ በላይ ያለውን ቆርጣችሁታል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ክራንች እንደሚሰጡኝ ተነግሮኛል፤ ብረት ናቸው፣ ክንዴም እንደ ምንጊዜውም ደህና ነው። እስከዚያ ካላወረዳችሁት ከነመስታወቱ ላወርደው እመጣለሁ። ጭንቅላቷን ስለ ቆረጥነው ማን ያውቃታል ብላችሁ ከሆነም አትቸገሩ፣ ጭንቅላቴን ራሴ ይዤው እመጣለሁ።