ያቺ አንዲት እሺ

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? እናትሽ እንዴት ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው? ትንሹ ወንድምሽስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ አባባ ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይበላል። ጨዋታ ግን ከቤታችን ጠፍቷል።

ሳትሰናበቺኝ በመሄድሽ አልተቀየምኩሽም። ሰው ሁሉ አባትሽን ‹‹ሳይፈቀድለት ቸኩሎ መንደርደሪያው ላይ ገባ›› እያለ እንዴት እዚህ ትቀመጣላችሁ? ለቅሶው ላይ እንኳ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። አባትሽ ግን መቼ ቸኩለው ያውቃሉ? አውሮፕላን በትራክተር ስለሚጎትቱ፣ ደግሞም ስለሚንቀራፈፉ አባባ ‹‹ጎታታው›› ይላቸው አልነበር? እሳቸውም ‹‹አንተ ምን አለብህ፣ ሰማይ ቤት ተቀምጠህ ታዛለህ›› ይሉት ነበር። በሬዲዮ እንኳ ሲጠራሩ እንደዚያው ነበር።

አሁን የምጽፍልሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የዚያን ቀን ጠዋት አባባ መነጽሩን ረስቶ ሄደና እማዬ አድርሺለት ብላ ላከችኝ። ጥበቃው ስለሚያውቀኝ ዝም ብሎ አስገባኝ። አውሮፕላኖቹን የሚያዝበት ማማ ላይ ስወጣ መስኮቱ ሁሉ በነጭ አንሶላ የተሸፈነ ይመስል ነበር። በጉሙ ምክንያት የአውሮፕላን መንደርደሪያው ቀርቶ ከሥር ያሉት መኪኖች እንኳ አይታዩም። አባባ ብቻውን ነበር። ሊያርፍ ለተቃረበ አውሮፕላን በትልቁ ሬዲዮ እንዲያርፍ ፈቅዶለት ሲጨርስ፣ በትንሿ የእጅ ሬዲዮ የአባትሽ ድምፅ መጣ። ‹‹ሰማይ ቤት፣ ጎታታው ነኝ። ትንሿን አውሮፕላን ወደ ጋራዥ እየወሰድኩ ነው፤ መንደርደሪያውን ልሻገር?›› አሉ።

አባባ ሬዲዮዋን አንስቶ የመናገሪያ ቁልፏን ተጫነ። ‹‹ቆይ›› ሊላቸው ነበር፤ በኋላ እንደዚያ ብሎኛል። እኔ ደግሞ፣ ሁልጊዜ ‹‹ድምፅሽን አውጪ እንጂ፣ ትንኝ ነሽ እንዴ?›› ትዪኝ የለ፣ ያን ቀን በሩ ጋ ሆኜ ድምፄን አውጥቼ ‹‹አባባ፣ ልሂድ?›› አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና ‹‹እሺ›› አለኝ። አውራ ጣቱ ገና ቁልፏን እንደተጫነ ነበር። ወዲያው ስልክ ጮኸ፤ ሬዲዮዋን አስቀምጦ ስልኩን አነሳ።

በሩን ስዘጋ ‹‹እሺ፣ አመሰግናለሁ›› ሲሉ በሬዲዮዋ ሰማኋቸው፤ አባትሽን። ምንም አልመሰለኝም። ደረጃው ረጅም ነው፤ ወርጄ ሳልጨርስ ሕንፃው ተንቀጠቀጠ። የሚያርፈው አውሮፕላን እሳቸው ከሚጎትቱት ጋር ተጋጭቶ ነበር። ከእሳቸው ጋር ዘጠኝ ሰው አለቀ።

‹‹እሺ፣ ሂጂ›› ቢለኝ ኖሮ እኮ አባትሽ ለእሳቸው እንዳልሆነ ይገባቸው ነበር። ‹‹ከመቼ ወዲህ ነው ሴት የሆንኩት?›› ብለው ይስቁና ባሉበት ይቆሙ ነበር። እሺ ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ስንት ቀን ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ዋልኩ መሰለሽ።

መርማሪዎቹ ሲጠይቁት አባባ ‹‹እኔ አልፈቀድኩለትም›› አላቸው። ውሸቱን አልነበረም፤ ለአባትሽ የተናገረ አልመሰለውም። የእጅ ሬዲዮዋ ድምፅ አትቀዳም። ጥበቃውም ሥራዬን አጣለሁ ብሎ እኔን ማስገባቱን ደበቀ።

ባለፈው እሑድ ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ለአባባ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ‹‹አንቺ እዚያ አልነበርሽም፤ ሰማሽ?›› አለኝ። እኔን መደበቁ ይሁን ራሱን፣ እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት እሱም አያውቀው ይሆናል። ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ሳልለው ቀረሁ።

አባትሽ አልቸኮሉም። ጠይቀው፣ መልስ ሰምተው፣ አመስግነው ነው የገቡት። ይህን ለእናትሽ አንብቢላቸው። ደብዳቤውን ወደ መርማሪዎቹ ብትወስጂውም አልቀየምሽም። በአባባ ላይ ምን እንደሚመጣበት አውቃለሁ። ይቅር በዪኝ ለማለት ግን ገና አልደፈርኩም።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነበር። አዲሱን አድራሻችሁን ስለማላውቅ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ተኛሁ። ዛሬ ስነሳ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ቴምብር ተለጥፎበት፣ ሳይታሸግ አገኘሁት። የሰፈራችሁ ስም፣ የቤት ቁጥራችሁ ሳይቀር ተጽፎበታል፤ ጽሕፈቱ የእኔ እንዳልሆነ ስታዪው ታውቂዋለሽ። አባባ ዛሬ የሥራ ልብሱን አልለበሰም። የክት ኮቱን ለብሶ፣ እማዬን ግንባሯን ስሞ በጠዋት ወጣ። የት እንደሚሄድ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

እግዜር የእናትሽን እንባ ያብስላቸው፤ ወንድምሽንም ለቁም ነገር ያብቃልሽ።

አንድ ወንበር ላይ አብራሽ ስትማር የነበረችው ጓደኛሽ