ሳይዘንብ የዘነበው ዓመት፦ የእትዬ ሰረዝ የሕይወት ታሪክ

በ1956 ክረምቱ ሳይገባ ወጣ። ጉድጓዱ ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰዉ ቤቱን እየዘጋ ሄደ። እትዬ ሰረዝ የተወለዱት በዚያ ዓመት ነው። ታላቅ እህታቸው በዚያው ክረምት አረፈች። አባታቸው የመንደሩ ዝናብ ለኪ ስለነበሩ አልተሰደዱም። በየማለዳው መለኪያውን ከፍተው ያዩና ጠብ ያለ ነገር ሲያጡ በወረቀቱ ላይ ሰረዝ ያሰምሩ ነበር።

እትዬ ሰረዝ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው በ1975 በሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1979 የመሥሪያ ቤቱን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

አሮጌው የዝናብ መረጃ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ፣ ሰረዝ ያለበት ሁሉ «አልተለካም» ተብሎ በሌሎች ዓመታት አማካይ እንዲሞላ ታዘዘ። የአባታቸውን ወረቀት ያስገቡት እሳቸው ናቸው። የእጅ ጽሕፈቱን እያወቁ፣ ትእዛዝ ነው ብለው አስገቡት።

አባታቸው ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የዝናብ ሠንጠረዥ አዩ። ጣታቸውን 1956 ላይ አሳርፈው፣ «ለመሆኑ ያን ዓመት ማን አዘነበው?» አሉ። ልጅ በማግሥቱ ሰረዙ ወደ መዝገቡ ይመለስ ብለው አመለከቱ። አባትም መልሱን ሳይሰሙ ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ አለቃ መጣ፣ አለቃ ሄደ። አንዱ ኮሚቴ ይየው አለ፤ ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ሌላው ያለቀ ሥራ አይከፈትም አለ። ባልደረቦቻቸው «እትዬ ሰረዝ መጡ፣ እስክሪብቶ ደብቁ» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ስሙም በዚያው ጸና። በተሞላው ቁጥር መንደሩ ድርቅ አያሰጋውም ተብሎ የመጠጥ ውኃ ግድቡ አንሶ ተሠራ። በ1995 ዝናብ ሲቀር ውኃው አለቀ። እትዬ ሰረዝ እንደገና አመለከቱ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ የተሳሳተው ዝናቡ ነው የሚል ምላሽ ተሰጣቸው።

በ2016 ጡረታ ወጡ፤ ደጅ መጥናቱን ግን አልተዉም። በመጨረሻ አዲሷ የክፍል ኃላፊ የአባታቸውን ወረቀት ከአጎራባች የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች መዝገብ ጋር አስተያየች። እዚያም ያን ዓመት ጠብ አላለም። መዝገቡ ታረመ፤ ግድቡም በአዲሱ ስሌት ከፍ እንዲል ተወሰነ።

እትዬ ሰረዝ ያን ጊዜ በኩላሊት ሕመም አልጋ ይዘው ነበር። ኃላፊዋ የታረመውን ሠንጠረዥ ሆስፒታል ድረስ አመጣችላቸው። ብዙ ካዩት በኋላ፣ «አሁን ለአባቴ የምለው አገኘሁ» አሉ።

ሚያዝያ 9 ቀን 2017 አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም አንድ ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ከአባታቸው ጎን ያሳርፋቸው። የነበረባቸውን ከፍለዋል።